ከእቴቴ የደበቁት የደም ምርመራ

ስልኩን ያነሳው አጎቴ ነው። ነገሩ የተበላሸው እዚያው ላይ ነው።

ከክሊኒኩ የደወለችው ነርስ የፈለገችው ሚስቱን ነበር። ሚስቱ ሥራ ላይ ናት፤ እስራኤል ውስጥ ከአፉላ ከተማ ወጣ ብሎ ያለ የአትክልት ማሸጊያ ውስጥ ቆማ ቃሪያ ትለያለች። አጎቴ «ባሏ ነኝ» አላት። ነርሷም ሁሉንም ለሱ ነገረችው። ደሙ የሷ፣ ሆዱ የሷ፣ የሚሰማው ግን «ባሏ ነኝ» ያለው ሰውዬ። ሚስቱ ዕብራይስጥ እንደ ውሃ የምትጠጣ ሴት ብትሆን ኖሮ ነርሷ «ስትገባ ትደውልልን» ብላ ትዘጋ ነበር። አውቃለሁ፤ እኔን ፈልገው ቤት ሲደውሉ አባቴን እንደዚያ ነው የሚሉት።

ያለችው ይሄን ነው። የደም ምርመራው በሆዷ ያለው ልጅ የክሮሞሶም ችግር ሊኖርበት የሚችልበት ዕድል ከተለመደው ከፍ ያለ መሆኑን ያሳያል። አለበት ማለት አይደለም። መጥታ ምክር ትስማ። ከፈለገች ከማህፀኗ በመርፌ ውሃ ተቀድቶ ይመረመራል፣ ሜይ ሻፊር ይሉታል፤ ካልፈለገች ይቀራል። ብቻ ጊዜው አጭር ስለሆነ ቀጠሮው እንዳያልፋት። አጎቴ ከዚህ ሁሉ የያዘው «ልጁ» እና «ችግር» የሚሉትን ብቻ ነው።

ለሚስቱ አልነገራትም። ጃኬቱን ደርቦ፣ አውቶቡስ ይዞ ኮረብታው ላይ ያለው ሰፈራችን ጊቫት ሃሞሬ እኛ ቤት ወጣና ለአባቴ ነገረው።

ይሄን ለማያውቅ ሰው ማስረዳት አለብኝ። እኛ ዘንድ ክፉ ወሬ በቀጥታ ለባለቤቱ አይነገርም። ሰው ሲሞት ዘመድ አስቀድሞ ይሰማል፣ ይመክራል፣ ከዚያ ጎህ ሲቀድ ተሰብስቦ ሄዶ መርዶውን ያረዳል። እስከዚያ ባለቤቱ ይበላል፣ ይስቃል፣ ሥራ ይሄዳል። ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል፣ እሱ አያውቅም። ለነፍሰ ጡርማ ጭራሽ አይነገርም፤ እስክትወልድ ይጠበቃል። እኔ በዚህ አልስቅም። እናቴ የአባቷን ሞት የሰማችው እንደዚያ ነው፣ በሩ ሲንኳኳ ቤቱ በሰው ተሞልቶ፣ ከግራ ከቀኝ ደግፈዋት። ብቻዋን በስልክ ብትሰማው ኖሮ ምን እንደምትሆን እንጃ። ግን የሞተ ሰው ይጠብቃል። የሞተ ሰው ቀጠሮ የለውም። ሆድ ነው የማይጠብቀው።

እኔ ያን ቀን ለሥራ ቃለ መጠይቅ ሄጄ ተመልሼ ነው የገባሁት። የሶሻል ወርክ ትምህርቴን ገና መጨረሴ ነበር። ስገባ አባቴና አጎቴ ሳሎን ተቀምጠዋል፣ ቴሌቪዥኑ ጠፍቷል። እኛ ቤት ቴሌቪዥን ከጠፋ ሰው ሞቷል ማለት ነው።

«ማን ሞተ?» አልኩ።

«ማንም አልሞተም፣ ተቀመጪ» አለ አባቴ። «ተማርኩ ካልሽ ዛሬ ነው የሚጠቅመን።»

አጎቴ ነገረኝ። ነርሷ ያለችውን ቃል በቃል አስደገምኩት፣ እሱ ግን ቃሉን አያስታውስም፤ የሚያስታውሰው ድምጿን ነው። «አዝና ነው የነገረችኝ» ይላል ዝም ብሎ።

«እቴቴስ ምን አለች?» አልኩት። የአጎቴን ሚስት እቴቴ ነው የምላት።

አጎቴ ወደ አባቴ ዞረ።

«አልነገርካትም?»

«እንዴት ብዬ ልንገራት? ስንቱ አልፎባት፣ አርባ ልትደፍን ስትል እግዜር የሰጣትን፣ ልጅሽ ችግር አለበት ልበላት? ደንግጣ ቢወርድባትስ?»

«ችግር አለበት አላሉህም እኮ። ሊኖርበት ይችላል ነው ያሉህ።»

«ታዲያ ላልታወቀ ነገር ለምን እናስደነግጣት?»

«ለማወቅ ነዋ የሚጠሯት!»

«ድምፅሽን ቀንሺ» አለ አባቴ። «ወሰንን። ቀጠሮው ላይ አብረሻት ትሄጃለሽ። ለሀኪሟ አንፈልግም ትያታለሽ፣ ለሷ ደግሞ ደህና ነው፣ የተለመደ ምርመራ ነው ትያታለሽ። አለቀ።»

አለቀ። ከልጅነቴ ጀምሮ የዚህ ቤተሰብ ምላስ እኔ ነኝ። ባንክ እኔ፣ ማዘጋጃ ቤት እኔ፣ የገዛ ትምህርት ቤቴ የወላጅ ስብሰባ ላይ ስለራሴ ጥፋት ለአባቴ የማስተረጉመው እኔ። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ደግሞ ስንት ዓመት ሙሉ «የሰው ልጅ ስለራሱ የመወሰን መብት» ሲሉኝ፣ ሳጠና፣ ስፈተን ከረምኩ። ተመርቄ ስመጣ የመጀመሪያ ሥራዬ አንዲት ሴት ስለራሷ እንዳትወስን መዋሸት ሆነ። ያውም በነፃ።

«አልሄድም» ልል ነበር። ግን እኔ ካልሄድኩ አባቴ ነው የሚሄደው፣ እሱ ደግሞ ያለውን ከማድረግ አይመለስም። ስለዚህ «እሄዳለሁ» አልኩ። እዚያ ገብቼ ምን እንደምል ግን አልጠየቁኝም፣ እኔም አልነገርኳቸው።

ቀጠሮው እስኪደርስ ያለው ጊዜ አስቂኝ ነበር፣ ማለት ሰው ካልሆነበት። ሁሉም እቴቴን እንደ ብርጭቆ ይይዛታል። እናቴ ሳትጠራ ሄዳ ሳህኗን ታጥባለች። አባቴ፣ በዓል ካልሆነ እግሩን የማያነሳው ሰውዬ፣ ብርቱካን ይዞ ይመጣና ተቀምጦ ወለሉን ያያል። አጎቴ የሞት ማስታወቂያ የሚነበብበትን የአማርኛውን ሬዲዮ ዘጋው፣ ክፉ ወሬ እንዳይሰማ ብሎ፣ ለምን ብትለው «ራሴን ያመኛል» አላት። ይባስ ብሎ ጎንደር ለወንድሟ ደውሎ ነግሮታል፣ የሷ ወገን ሳይማከር አይሆንም ብሎ። ከአህጉር ማዶ ያለ ወንድሟ ያውቃል፣ ባለሆዷ አታውቅም። እሷ እንደ ልማዷ የስልክ ካርድ ገዝታ እናቷን ልታነጋግር ስትደውል፣ ወንድምየው ያነሳና «እማማ ተኝታለች» ይላታል። ደግማ ስትደውል «ለቅሶ ሄዳለች» ይላታል። አሮጊቷ ነገሩን ሰምታ ስለነበር ታወጣዋለች ብሎ ፈርቶ ነው። ይሄን ሁሉ እኔ ያወቅኩት በኋላ ነው።

የቀጠሮው ቀን እቴቴን ከቤቷ ወሰድኳትና በአውቶቡስ ጣቢያው በኩል በእግር ወደ መሀል ከተማ ሄድን። ጣቢያው እንደ ሁልጊዜው በወታደር ተሞልቷል። እቴቴ ሌላ ጊዜ ቢሆን የኛን ልጆች እየለየች «ይሄ የማን ልጅ ነው? ጠብመንጃው ከሱ ይረዝማል» እያለች ታስቀኝ ነበር። ምላሷ አያርፍም። ያን ቀን ወደ ወታደሮቹ እንኳን አልዞረችም። ጉትቻዋን አውልቃለች። ፀጉሯ አልተሠራም፣ በጥቁር ሻሽ ጥፍር አድርጋ አስራዋለች። እኔ ለምርመራው ብላ መስሎኝ «ጉትቻ ማውለቅ አያስፈልግም፣ ወሬ ብቻ ነው» አልኳት።

አየችኝ። «አውቃለሁ፣ ወሬ ብቻ ነው» አለች።

የምክር ክፍሉ ጠባብ ነው። ሴትየዋ ክፉ አይደለችም፣ ይሄን ልበል። ደክሟታል። ወረቀት አውጥታ ኩርባ የመሰለ ነገር ሣለችና ለኔ ማስረዳት ጀመረች። ለኔ። አንዴ እንኳን ወደ እቴቴ አልዞረችም። በየአረፍተ ነገሩ መጨረሻ «ታጊዲ ላ» ትላለች፣ ንገሪያት ማለት ነው፤ እኔ አፌን ሳልከፍት ወደሚቀጥለው ትሄዳለች። አንድ ከዚህ ያህል፣ አንድ ከዚያ ያህል። እቴቴ ሁለት እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ወረቀቱን ሳይሆን እኔን ታያለች።

ከዚያ ሴትየዋ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ሁለታችንም እናውቃለን፣ ከናንተ ማህበረሰብ ብዙዎቹ ይሄን ምርመራ አይፈልጉም። አልፈለገችም ብለን እንመዝግብ?» አለችኝ።

ይሄን ከአባቴ አፍ አስቀድሜ ሰምቼዋለሁ። ጊቫት ሃሞሬ ሶፋ ላይ የተቀመጠ ሰውዬና እዚህ ነጭ ካፖርት የለበሰች ሴትዮ፣ ተገናኝተው የማያውቁ፣ አንድ ቃል ነው የሚናገሩት። ሁለቱም ያውቁላታል።

«ማንም አልጠየቃትም» አልኳት በዕብራይስጥ። «ቆይ፣ እጠይቃታለሁ።»

ወደ እቴቴ ዞርኩ። «እቴቴ፣ ስሚኝ። የደበቁሽ ነገር አለ።»

እጇን አነሳች፣ ቆይ እንደ ማለት። «አውቃለሁ» አለች።

«ታውቂያለሽ? ማን ነገረሽ?»

«ማን ይነግረኛል። ዓይን የለኝም? አባትሽ ብርቱካን ይዞ ሲመጣ ነው ያወቅኩት። አንቺን ላኩሽ? ሀኪም ቤት የሆነው ብወድቅ እንዲያነሱኝ ነው? ጥሩ አድርገዋል። በይ ንገሪኝ። መቼ ቀበሯት?»

«ማንን?»

«እናቴን ነዋ።»

በዚያን ጊዜ እቴቴ ሻሿን ፈታች። ደረቷን መምታት ጀመረች፣ በቀስታ፣ ሰው እንዳይረበሽ ብላ፣ እያጎነበሰች። «እናትዬ፣ አፈርሽን ሳላለብስ፣ እናትዬ።» ሴትየዋ ስለ ልጁ መስሏት የመሀረብ ካርቶኑን ወደኛ ገፋችና «ንገሪያት፣ እርግጠኛ አይደለም፣ ንገሪያት፣ ገና ዕድል አለ» ትለኛለች። እኔ መሀል ላይ። በአንድ በኩል ያልሞተች አሮጊት ይለቀስላታል፣ በሌላ በኩል «ዕድል አለ»።

«እናትሽ አልሞተችም» አልኳት። «እቴቴ፣ እናትሽ ደህና ናት።»

«ልጄ፣ አትዋሺኝ። ስደውል ተኝታለች ይሉኛል። ለቅሶ ሄዳለች ይሉኛል። ባልሽ ሬዲዮ ሲዘጋብሽ ምን ነው የምታስቢ?»

ማመን እምቢ አለች። ለምን ታምናለች? ሁሉም ዋሽተዋታል፣ እኔም ከነሱ ቤት ነው የመጣሁት። እጇን ይዤ ኮሪደር አወጣኋት። ቦርሳዋ ውስጥ ካርድ ነበራት፤ በኔ ስልክ ጎንደር ደወልን። ወንድሟ አነሳ። «እማማ ተኝታለች» ሲል ስልኩን ነጥቄ «አሁኑኑ አቅርባት፣ እህትህ እዚህ ሙሾ እያወረደች ነው» አልኩት። ሲንኮሻኮሽ ሰማን። ከዚያ የአሮጊቷ ድምፅ መጣ፣ ኮሪደሩ ሁሉ የሚሰማው።

«ምን ሆነሽ ነው የምታለቅሽ? ሆድሽ ውስጥ ያለው ይሰማሻል እኮ። ማን መታሽ?»

እቴቴ ግድግዳው ላይ ተደግፋ ቁጭ አለች፣ ወለሉ ላይ። መሳቅ ጀመረች። «እማ፣ ቀበርኩሽ እኮ» ትላታለች። «ስንት ቀን ሆነ፣ ቃሪያው ላይ እንባዬን እያፈሰስኩ፣ ቃሪያው ነው እያልኩ።»

ተራ ይዘው የተቀመጡ ባልና ሚስት አፍጥጠው ያዩናል። ይዩ።

ካርዱ አለቀ። እቴቴ ተነሳች፣ ሻሿን አሰረች፣ በሩን ራሷ ከፍታ ገባችና ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። «አሁን ንገሪኝ» አለች። «እናቴ ካልሞተች ምንድን ነው የደበቃችሁኝ?»

ሴትየዋ ሰዓቷን አየች። ጊዜያችሁ አልቋል፣ ውጭ ሰው አለ፣ ሌላ ቀጠሮ እንይዛለን አለች። እኔ «አንወጣም» አልኩ። ጨዋ አልነበርኩም። ነገሩን በስልክ ለባሏ የነገረችው የናንተ ነርስ ናት፣ ይቺ ሴት ስለ ልጇ ገና አሁን ነው የምትሰማው፣ እስክትሰማ ከዚህ አንንቀሳቀስም አልኳት። ሴትየዋ ኩርባ የሣለችበትን ወረቀት ገልብጣ አስቀመጠችውና ወንበሯን ወደ እቴቴ ሳበች። ለመጀመሪያ ጊዜ።

ነገርኳት፣ ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ። እቴቴ እስከ መጨረሻው ሰማች። ከዚያ መጠየቅ ጀመረች።

«ችግሩ ካለበት፣ እንዲህ ያለ ልጅ ይስቃል ወይ በያት።»

ይስቃል፣ አለች ሴትየዋ።

«እናቱን ያውቃል? ይሄዳል? ይናገራል?»

ያውቃል። አብዛኞቹ ዘግይተው ይሄዳሉ፣ ይናገራሉ፣ ልጅ ከልጅ ይለያያል። ልቡም ሊታመም ይችላል፣ ሐኪም ይከታተለዋል።

«እኔና አባቱ ካለፍን ማን ጋ ነው የሚሆን?»

ሴትየዋ ስለ ትምህርት ቤትና ስለ መኖሪያ ነገረቻት፣ የተጠናቀቀ መልስ እንዳልሆነም አልደበቀችም።

«መርፌውስ ልጁን ይወጋዋል?»

አይወጋውም፣ ግን አልፎ አልፎ ውርጃ ያመጣል አለችና ቁጥሩን ልትናገር ስትል እቴቴ በእጇ አስቆመቻት። «ቁጥሩን ተዪው በያት። እኔ አንድ ሆድ ነው ያለኝ።»

እኔ ትዕግስት የለኝም። «እቴቴ፣ በኔ በኩል ብትመረመሪ ነው የሚሻለው፣ ምክንያቱም» ብዬ ጀመርኩ።

«አንቺ ደግሞ» አለችኝ። «ካጎትሽ እጅ አውጥተሽ ባንቺ እጅ ልታስገቢኝ ነው? አስተርጉሚ።»

ልክ ናት፣ ግን አናደደችኝ።

እቴቴ ሆዷን ይዛ መስኮቱን አየች። ከታች መንገዱ ላይ አውቶቡስ እየጮኸ አለፈ። ከዚያ እንዲህ አለች፣ እኔም ቃል በቃል ወደ ዕብራይስጥ መለስኩት፦ «ይመርምሩኝ። ምን እንደማደርግ አላውቅም፣ ምናልባት ምንም አላደርግም፣ ልጄ ነው። ግን ስንት ቀን ሙሉ ላልሞተ ሰው አልቅሻለሁ። ሳላውቅ ማልቀስ ምን እንደሚመስል አየሁት። ካለቀስኩም አውቄ ላልቅስ።»

ሴትየዋ ቀጠሮውን ያዘችላት። ስንወጣ የእቴቴን እጅ ጨበጠች እንጂ የኔን አልጨበጠችም። ይገባኛል።

ማታውን እኛ ቤት ተሰበሰብን። አባቴ እኔን ሊቆጣ ተዘጋጅቶ ነበር፣ እቴቴ ቀደመችው። ለባሏ ታላቅ ወንድም ድምጿን አሰምታ አታውቅም።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለችው። «ብርቱካኑን ሲያመጡልኝ ለእናቴ ለቅሶ መስሎኝ አልበላሁትም። ሁሉም በሰበሰ።»

አባቴ ወለሉን አየ። አጎቴ «ላንቺ ብዬ ነው» አላት።

«ለኔ ብለህ እናቴን ገደልካት» አለችው።

እናቴ አፏን በሻርፗ ሸፍና ሳቀች። ሌላ ማንም አልሳቀም።

መርፌው ተደረገ። አጎቴ አብሯት ገባ፤ መርፌውን ሲያይ አጎንብሶ ወጣ፣ ውሃ ያጠጡት እሱን ነው። ከዚያ ጥበቃው መጣ። እቴቴ ለክሊኒኩ የምትለውን በዕብራይስጥ አስጠንታኛለች፣ ማለት አስጠንቻታለሁ፦ እኔ ነኝ፣ ለኔ ብቻ፣ ቀስ ብላችሁ ተናገሩ። ቃሪያ ስትለይ ሁሉ ትለማመደው ነበር።

ስልኩ ሲደወል እኔ እነሱ ቤት ነበርኩ። አጎቴ ከለመደበት ተነስቶ እጁን ዘረጋ፣ አየችው፣ እጁን መለሰ። ስልኩን ይዛ በረንዳ ወጣችና በሩን ዘጋችው። እኔም ልወጣ ስል መስታወቱ ላይ በመዳፏ ገታችኝ። ለሷ የተጣላሁት እኔ ነኝ፣ በሩ በኔም ላይ ተዘጋ። በመስታወቱ ጀርባዋን ብቻ እናያለን። አንዴ ራሷን ነቀነቀች። ምን ማለት እንደሆነ ማን ይወቅ።

ስትገባ ፊቷ ላይ ምንም የለም።

«እ?» አላት አጎቴ።

«ጠዋት ኑ» አለች። «ጎህ ሲቀድ። ወንድምህንም ጥራ፣ ሰብሰብ ብላችሁ ኑ። እንዲህ ያለ ወሬ ዝም ብሎ አይነገርም።»

ለመናት፣ እምቢ አለች። እኔም ለመንኩ፣ እኔንም እምቢ አለችኝ። አጎቴ እንቅልፍ አልወሰደውም አሉ፤ እኔም አልወሰደኝ።

ጠዋት ሄድን። አባቴ ካፖርቱን ለብሷል፣ እናቴ ነጠላዋን። ሳሎኑ ውስጥ ተደርድረን ተቀመጥን። እቴቴ ለሁላችንም ሻይ ቀዳች፣ ሁሉም ስኳሩን እስኪያማስል ጠበቀች። ያኔ ነው ጉትቻዋን ያየሁት፣ ጆሮዋ ላይ።

«ደህና ናት» አለች። «ሴት ናት። ያሰቡት ነገር የለባትም።»

አጎቴ አለቀሰ። እናቴ እልል አለች፣ ጎረቤት ግድግዳ ደበደበ። አባቴ ሻዩን ፉት አለና፣ ከልቡ ነው የምላችሁ፣ ወደኔ ዞሮ «አየሽ? ለከንቱ ነበር። አንነግራትም ያልነው ልክ ነበር» አለኝ።

ብርጭቆዬን አስቀመጥኩ። «ባይሆንስ ኖሮ?»

«ምኑ?»

«ልጅቷ ችግሩ ቢኖርባትስ ኖሮ?»

«ያኔማ እንነግራት ነበር።»

«መቼ?»

አሰበበት። ቀልዱን እንዳይመስላችሁ። «ስትወልድ» አለ።

እቴቴ ሳቀች። ሻይዋ ቀሚሷ ላይ እስኪፈስ ድረስ ሳቀች፣ አጎቴ ሳቀ፣ በመጨረሻ አባቴም ራሱ ሳቀ።

እኔ አልሳቅኩም። እስካሁንም አላሳቀኝም።